ጾምና ክብደት መቀነስ፤ የሚለያዩበትና የሚገናኙበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአጽዋማት ጊዜ ሲቃረብ በምእመናን መካከል ከሚሰሙት ንግግሮች አንዱ «በዚህ ጾም እንኳ ጥቂት ኪሎ ልቀንስ» የሚል ነው። አነጋገሩ ብዙ ጊዜ የጨዋታ ነው። ከልባቸው የሚሉት ግን ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጾምን ሰውነቱን ለማሳመር የተገኘ አጋጣሚ አድርጎ የሚቈጥር ነው። ሁለተኛው የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ኖሮበት ሐኪም ክብደቱን እንዲቀንስ የመከረው፣ ነገር ግን «ጾሙ ይበቃኛል» ብሎ ሌላውን ምክር የተወ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ጾሞ ሲያበቃ ክብደቱ ጨምሮ በማግኘቱ ግራ የተጋባ ነው።

ለሦስቱም የሚሆነው መልስ ጾም ምን እንደ ኾነ፣ ካሎሪን ቀንሶ መመገብም ምን እንደ ኾነ ለይቶ ከማወቅ ይጀምራል። ሁለቱ በማዕድ ላይ ይመሳሰላሉ፤ በዓላማቸው ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ክብደትን ስለ መቀነስ፣ ቀጥሎ ጾም ከዚህ ስለሚለይበት ነገር፣ በመጨረሻም ሁለቱም የሚያስፈልጉት ምእመን ሊያደርገው ስለሚገባው እንመለከታለን።

ክብደትን መቀነስ በደል ነውን?

አንዳንድ ምእመናን ስለ ሥጋ ጤና ማሰብ ከመንፈሳዊነት የራቀ ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ቤተ መቅደስ እንደ ኾነ፣ እኛም የራሳችን እንዳልኾንን ያስተምረናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም እንዳንንቅ ይመክራል (ሲራክ 38)። ስለዚህ ክብደቱ ጤናውን የሚጎዳው ሰው መጥኖ ቢመገብ የተሰጠውን አደራ ጠበቀ እንጂ አልበደለም።

የክብደት መጠን በአብዛኛው የሚለካው የሰውነትን ክብደት በኪሎ ወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ የኾነ ሰው ውጤቱ 29.4 ያህል ይኾናል። ለዐዋቂዎች ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ፣ ከ25 ጀምሮ ያለው ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30ና ከዚያ በላይ የኾነው ደግሞ ከፍተኛ ውፍረት ይባላል። ይህ ልኬት ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ ለስኳር ሕመምና ለልብ ሕመም የበለጠ ስለሚያጋልጥ የወገብ ስፋትም ይታያል።

ብዙዎችን የሚያጽናና ነገርም አለ። ክብደቱ የበዛበት ሰው ተጠቃሚ ለመኾን የግድ ቀጭን መኾን አያስፈልገውም። ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ብቻ ቢቀንስ የደም ግፊቱና የደሙ ስኳር ሊሻሻል ይችላል። ከላይ በጠቀስነው ሰው ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው።

ካሎሪን ቀንሶ መመገብ ምን ማለት ነው?

ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል መለኪያ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ኃይል ሲያገኝ ያጠራቀመውን ስብ ያነድዳል፤ ክብደትም ይቀንሳል። በየቀኑ ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ የሚቀንስ ሰው በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነት ከአዲሱ መጠን ጋር እየተላመደ ቅነሳው ይዘገያል። ይህም የሚጠበቅ ነው እንጂ የሰውዬው ስንፍና አይደለም።

በብዙ የሕክምና መመሪያዎች ክብደት ለመቀነስ የሚመከረው የቀን መጠን ለሴቶች ከ1,200 እስከ 1,500፣ ለወንዶች ከ1,500 እስከ 1,800 ኪሎ ካሎሪ ነው። ይህም እንደየሰው ቁመት፣ ዕድሜና የሥራ ድካም ይለያያል። በቀን 800 ኪሎ ካሎሪ ወይም ከዚያ በታች መመገብ ግን ያለ ሐኪም ክትትል የሚደረግ አይደለም። በጣም ፈጥኖ የቀነሰ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል፤ የሐሞት ጠጠርም ሊይዘው ይችላል።

በሐኪም እጅ ሲኾን ግን ጥብቅ አመጋገብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በእንግሊዝና በስኮትላንድ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከ3 እስከ 5 ወር በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ያህል እየተመገቡ ቈዩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከእነርሱ ከመቶ 46ቱ ያለ ስኳር መድኃኒት የደማቸው ስኳር ከሕመም መጠን በታች ኾኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው መድኃኒታቸው የተቋረጠው በባለሙያ መኾኑ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችም በጥናቱ አለመካተታቸው ነው። ስለዚህ ማንም ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዲተው አንመክርም።

ጾመን ስለ ምን እንወፍራለን?

የጾም ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል ስለሌለው ካሎሪው ዝቅተኛ እንደ ኾነ ይታሰባል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ድንቹ ሁሉ በብዙ ዘይት ከተሠሩ፣ በላዩም ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ከተጨመረ፣ ቅቤ የቀረበት ማዕድ ከፍስኩ ማዕድ የበለጠ ካሎሪ ሊኖረው ይችላል። ለውዝና የለውዝ ቅቤም ጠቃሚ ምግቦች ኾነው ሳለ በመጠን ካልተበሉ ያወፍራሉ።

ስኳርም እንዲሁ ነው። በአንድ ስኒ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እያደረገ በቀን አራት ስኒ ሻይ ወይም ቡና የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ 190 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያገኛል። አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ 35 ግራም ስኳር ይይዛል።

ሌላው ምክንያት የአበላላችን ሁኔታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቈየን በኋላ ረኀቡን ለመበቀል ያህል በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ እንበላለን፤ ከዚያም እስከ መኝታ ሰዓት እንቀጥላለን። በዚህ ጊዜ የተለወጠው የምንበላበት ሰዓት እንጂ የምንበላው መጠን አይደለም። ይህ ለክብደት አለመበጀቱ ብቻ ሳይኾን ከጾሙም ዓላማ ጋር አይስማማም። ቀን የተከለከለ ሆድ ማታ ከልክ በላይ ከጠገበ ለጸሎትና ለስግደት የሚነሣ ሰውነት አይገኝም።

ጾም ከዳይት በምን ይለያል?

ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲያብራራ፣ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መኾኑን፣ ዓላማውም የኀጢአት ስርየትን መሻትና የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ ማስገዛት እንደ ኾነ ይናገራል። ከዚህ ተነሥተን ልዩነቱን በአራት ነገር ማየት እንችላለን።

የመጀመሪያው በዓላማ ነው። ዳይት ስለ ሥጋ የሚደረግ ነው፤ ፍጻሜውም በሚዛን ላይ ይታያል። ጾም ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ በሚዛን አይለካም። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ዐሥር ቀን ሲመገቡ ከሌሎቹ ይልቅ አምረውና ወፍረው ተገኝተዋል (ዳን. 1፥8-16)። የንጉሡን ማዕድ የተዉት ላለመርከስ ነበረና መወፈራቸው ጾማቸውን አላጐደለውም። ጾሞ ክብደቱ ያልቀነሰ ሰውም በዚህ ምክንያት ጾሜ ከንቱ ኾነ ሊል አይገባውም።

ሁለተኛው በጊዜ ነው። ዳይትን ሰው በፈለገ ቀን ጀምሮ በፈለገ ቀን ይተወዋል። ጾምን ግን ብንፈልግም ባንፈልግም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በተወሰነለት ጊዜ ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን ጋር አንድ ኾነን እንጾመዋለን። መታዘዝን የምንማረው ከዚሁ ነው።

ሦስተኛው የጾም ጓደኞች ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት መኾናቸው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራን ማካፈል፣ የተራቆተንም ማልበስ የሚገኝበት እንደ ኾነ ይነግረናል (ኢሳ. 58)። በዳይት ያልተበላው ምግብ ለባለቤቱ ይተርፋል፤ በጾም ያልተበላው ግን የድሃው ድርሻ ነው። ዐይን፣ ጆሮና አንደበት ከክፉ ሳይከለከሉ ሆድ ብቻ ቢከለከል የቀረው የምግብ ለውጥ ብቻ ይኾናል።

አራተኛው በልብ አሳብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች የተካፈሉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። የጥናቱ ዓላማ በጦርነቱ የተራቡትን ሰዎች እንዴት መመገብ እንደሚገባ ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ለስድስት ወራት ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ ሲቈዩ አሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ። አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ይሰበስቡ ጀመር። ቍጡዎችና ከሰው የሚርቁም ኾኑ። እነዚህ ሰዎች ለበጎ ሥራ ራሳቸውን የሰጡ ነበሩና ልንነቅፋቸው አይገባም። የደረሰባቸው ነገር ግን ረኀብ ብቻውን ሰውን ከምግብ አሳብ ነጻ እንደማያወጣው ያስገነዝበናል። ጾም ከጸሎት ጋር የታዘዘልን፣ ከመጠን ያለፈም እንዳይኾን አባቶች የሚመክሩን ስለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ካሎሪ ሲቈጥር የዋለ ሰው ሳይበላም የሚያስበው ስለ ምግብ ነው።

እንግዲህ ጾምን ዳይት ያደረገ ሰው ምን ይገጥመዋል? ሚዛኑ ካልቀነሰለት ጾሙን ይተወዋል፤ ከቀነሰለት ደግሞ በራሱ ይመካል። ጌታችን በጾም ጊዜ ለሰው ለመታየት ፊትን ማጠውለግ እንደማይገባ አስተምሯል (ማቴ. 6፥16-18)። ዛሬ ደግሞ የቀነሰ ኪሎን ለሰው እያሳዩ ስለ ጾም ማውራት ይኸው ፈተና በሌላ መልኩ ሲመጣ ነው።

ሁለቱም የሚያስፈልጉት ሰው ምን ያድርግ?

ሐኪም ክብደት እንዲቀንስ የመከረው ምእመን ሁለቱን ሳይቀላቅል አንድ ላይ ሊፈጽማቸው ይችላል። ጾሙን እንደ ሥርዓቱ ይጾማል፤ በሚበላበት ሰዓት ደግሞ የሐኪሙን ምክር ይጠብቃል። ለዚህ የሚከተሉትን ልብ ማለት ይጠቅማል።

ዘይትን በማንኪያ እየለኩ መጨመር ከሁሉ የቀለለ ጅማሬ ነው። ወጡን በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በውኃ አብስሎ ዘይቱን መቀነስ ጣዕሙን ብዙ ሳያጐድል ካሎሪውን ይቀንሳል። ከማዕዱ ግማሽ ያህሉ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣና የመሳሰለው ቢኾን ሆድ ይሞላል፤ ካሎሪው ግን አነስተኛ ነው።

ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ አተርና አኩሪ አተር በየዕለቱ ከማዕድ አይጥፉ። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ምእመናን ለክብደት መቀነሻ የሚሸጡ ዱቄቶችን ሲገዙ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ከወተት የተዘጋጁ ስለ ኾኑ ለጾም አይኾኑም። ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተዘጋጁም አሉ።

የብረት ማዕድን ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል ይገኛል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ ሰውነት ብረቱን በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ሎሚ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ግን ያግዙታል። ቫይታሚን ቢ12 በዋናነት የሚገኘው ከእንስሳት ውጤቶች ነው። ሰውነት የሚያጠራቅመው ስላለ በጾም ወራት ብቻ በቀላሉ አይጐድልም፤ በፍስክም ጊዜ እነዚህን የማይመገቡ ሰዎች ግን ሐኪም ማማከር አለባቸው።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ምእመናን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ቢቈይ የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ረኀብ፣ የአሳብ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ ስኳር ያለበትን ነገር ወዲያው መውሰድ ሕይወትን ማዳን ነውና ማንም «ጾሜን እገድፋለሁ» ብሎ ሊዘገይ አይገባም። ለቅዱስ ቍርባን ለ18 ሰዓት የሚጾም ሕመምተኛም አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንደ አቅማቸው ታዝዛለች፤ ይህም በንስሐ አባት ምክር ይፈጸማል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለክብደት ብላ ምግቧን በራሷ ፈቃድ ልትቀንስ አይገባም።

በጾም ስም የሚደበቅ ረኀብ

ከሁሉ ይልቅ ልናሳስብ የምንወደው ስለ ወጣቶች ነው። አንዳንድ ወጣቶች፣ በተለይም እኅቶች፣ ስለ ሰውነታቸው ቅርጽ ከሚሰሙትና ከሚያዩት የተነሣ ምግብን እየፈሩ ይሄዳሉ። ጾም ለዚህ ፍርሃት ጥሩ መሸሸጊያ ኾኖ ሊገኝ ይችላል፤ አለመብላታቸውን የሚጠይቅ አይኖርምና። ወላጅም «ልጄ ጾመኛ ኾነች» ብሎ ደስ ይለዋል።

ልዩነቱን ግን በምልክት ማወቅ ይቻላል። ጾሙ ሲፈታም ለመብላት የምትጨነቅ፣ ከቤተሰብ ጋር ለመመገብ የምትሸሽ፣ ቀጭን ኾና ሳለ ወፍሬአለሁ የምትል፣ በየዕለቱ ደጋግማ የምትመዘን፣ ከበላች በኋላ በስውር የምታስመልስ፣ የወር አበባዋም የተቋረጠ ልጅ ካለች ይህ ሕመም ሊኾን ይችላል። ወንዶችም ላይ ይደርሳል። ሕመሙ ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚደርስ ነውና በቍጣ ወይም በመሳለቅ አይመለስም። ወላጅ በፍቅር ቀርቦ ያነጋግር፤ ወደ ሐኪምም ይውሰድ። የንስሐ አባቶችም ንስሐ ልጃቸው ከሥርዓቱ በላይ ጾም እንዲጨመርላት ስትለምን ስለ ምን እንደ ኾነ በማስተዋል ቢጠይቁ ብዙ ነፍስ ይጠብቃሉ። እንዲህ ላለችው ልጅ በአባቷ ምክር መመገብ መታዘዝ ነው፤ መታዘዝም ከጾም አያንስም።

ከጾሙ በኋላ

በጾም ወራት የቀነሰ ክብደት በበዓል ሳምንታት ተመልሶ ሲመጣ እናያለን። ለብዙ ቀን የቈየ ሆድ በአንድ ቀን በቅባትና በሥጋ ሲሞላ ሕመምም ያስከትላል። ጾምን ስንፈታ በጥቂቱ መጀመር ለሥጋም ለነፍስም ይበጃል።

አንዳንዶች «በበዓለ ኀምሳ ጾም የለም፤ ታዲያ ምግብ መቀነስ ይፈቀዳልን?» ይላሉ። በእነዚህ 50 ቀናት የጾም ሥርዓት የለም፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። በሐኪም ምክር መጥኖ መብላት ግን ጾም ስላልኾነ የበዓሉን ደስታ አይሽርም። ከበዓሉ ማዕድ ከቤተሰብ ጋር እየተካፈለ መጠኑን የሚጠብቅ ሰው ምንም አላጐደለም። በዓል የተሰጠን በጌታችን ትንሣኤ ደስ እንዲለን ነው እንጂ ያለ ልክ እንድንበላ አይደለም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጾም በምንጀምርበት ቀን ራሳችንን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ መልካም ነው፤ በዚህ ጾም ክብደቴ በአንድ ኪሎም ባይቀንስ ደስ ብሎኝ እጾመዋለሁን? መልሱ አዎን ከኾነ ጾማችን ጾም ነው፤ ክብደቱም ቢቀንስ በረከት ነው። መልሱ አይደለም ከኾነ ግን ገና ዳይት ላይ ነንና ዓላማችንን እናስተካክል። ለሥጋችን የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ በሐኪም ምክር፣ ለነፍሳችን የሚያስፈልገውን ጾም በንስሐ አባታችን ምክር ብንይዝ ሁለቱም በየቦታቸው ይፈጸማሉ።

የጾምን በረከት እንድናገኝ፣ የተሰጠንንም ሰውነት በአደራ እንድንጠብቅ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር